«ዞረህ እዚያው ለመድረስ?»

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ማታ፣ ጓደኛዬ ቤት እራት በልቼ በኢንተርስቴት 66 ወደ ቤቴ ስመለስ ከኋላዬ ሰማያዊ መብራት ቦግ እልም ማለት ጀመረ። መንገዱ ባዶ ነበር፤ ሙዚቃው ጥሩ ነበር፤ እግሬም ሳላስበው ከብዶ ነበር። ፖሊሱ በሰዓት 88 ማይል ስሄድ እንዳገኘኝ ነገረኝና ወረቀት ሰጠኝ። መቶ ምናምን ዶላር ከፍዬ የምገላገል መስሎኝ በዚያው ሌሊት ተኝቼ አደርኩ።

ቨርጂኒያ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁ ስሙኝ። በዚህ ግዛት የመንገዱ የፍጥነት ወሰን ምንም ይሁን ምን፣ ከ85 ማይል በላይ መንዳት ተራ የትራፊክ ጥፋት አይደለም፤ ወንጀል ነው። ከፍተኛ ቅጣቱ 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን የግሪን ካርድ ማመልከቻዬ በሂደት ላይ ነበር። «ታስረህ ወይም ተከሰህ ታውቃለህ?» የምትለውን ጥያቄ ስንት ጊዜ ከፍቼ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛ ዲግሪ፣ ስድስት ዓመት ሥራ፣ ከቤተሰብ ርቆ መኖር፣ ይህ ሁሉ በአንድ እግር ላይ ተንጠለጠለ። በመጨረሻ ዳኛው ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት ዝቅ አደረጉልኝ። ለጠበቃው የከፈልኩት ለእናቴ በሦስት ወር የምልከውን ያህል ነበር።

እውነቱን ልናገርና፣ ከዚህ ሁሉ በኋላም ፍጥነት እወዳለሁ። ብዙዎቻችን እንወዳለን፤ ዝም ስለምንል ነው እንጂ። የሥራ ባልደረባዬ ጉዴን ሰምቶ ሲስቅ ከቆየ በኋላ «ታዲያ ለምን ወደሚፈቀድበት ቦታ አትሄድም?» አለኝ። የሚፈቀድበት ቦታ ያለው ለሀብታምና ለተወዳዳሪ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የእኔ መኪና ማንዋል ማርሽ ያላት አሮጌ ሆንዳ ሲቪክ ናት።

ከዲሲ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነድታችሁ ዌስት ቨርጂኒያ ስትገቡ ሰሚት ፖይንት የሚባል የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ አለ። ዋናው መስመር ሁለት ማይል ርዝመትና አሥር ኩርባ አለው። ክለቦች ሜዳውን ለቀን ተከራይተው እንደኔ ያለውን ተራ ሰው በገዛ መኪናው ያስነዱታል። ውድድር አይደለም። ሰዓት የሚይዝ የለም፤ ዋንጫም የለም። ጀማሪ ከሆናችሁ ጎናችሁ አስተማሪ ይቀመጣል።

ጠዋት መጀመሪያ መኪናዋ ትመረመራለች፦ ጎማ፣ የፍሬን ሸራ፣ የባትሪው እስር፣ የሚንጠባጠብ ዘይት። ጫማና የውኃ ጠርሙስ ሳይቀር ከውስጥ ይወጣል፤ ፍሬን ስትይዙ ተንከባሎ ፔዳል ሥር ቢገባ ጉድ ነውና። ሄልሜቱ «ኤስ ኤ» የሚል የስኔል ምልክት ያለበት፣ ለመኪና የተሠራ መሆን አለበት፤ የሞተር ሳይክሉ እሳት እንዲቋቋም ስላልተሠራ ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ከዚያ ስብሰባ ይደረግና ባንዲራዎቹ ይነገራሉ። ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቅ፣ ማንንም አትቅደም። ጥቁር ከሆነ ና ውጣ፣ እንነጋገር። ቀይ ከሆነ ቁም። ሰማያዊ ላይ ቢጫ ሰረዝ ካለበት ከኋላህ የሚፈጥን አለ፣ አሳልፈው። መቅደምም ቢሆን ቀጥታው መንገድ ላይ ብቻ ነው፤ ያውም ፊት ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ሲል። ይህን ስሰማ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ የነዳሁበት ዘመን ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ።

አስተማሪዬ ጡረታ የወጡ አዛውንት ነበሩ። መጀመሪያ ያሉኝ ነገር «እጅህን አላላ» ነው። ሁለተኛው «ወዴት ነው የምታየው?» ነው። እኔ ኮፈኑን አያለሁ፤ እሳቸው የሚቀጥለውን ኩርባ እንዳይ ይፈልጋሉ። መኪና ዓይን ወዳየበት ይሄዳል። ግንቡን ያየ ግንቡን ያገኛል።

ስለ ጎማ የነገሩኝን ደግሞ በራሴ ቋንቋ ልተርጉመው። ጎማ ደሞዝ ነው። ያላችሁ ያው ነው፤ ከየትም አይጨመርም። ሙሉውን ለፍሬን ካዋላችሁት መሪ ለማዞር የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ከባዱን ፍሬን ኩርባው ሳይደርስ ቀጥታው ላይ ትይዛላችሁ፤ ፍሬኑን እየለቀቃችሁ መሪውን ትጨምራላችሁ፤ መሪው እየተፈታ ሲሄድ ነዳጅ ትሰጣላችሁ። ከኪራዩ ሳይቀንስ ወደ አገር ቤት መጨመር የሞከረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

ለእኔ ግን ቶሎ አልገባኝም። በሁለተኛው ዙር ኩርባ ውስጥ ፈጥኜ ገባሁና ደነገጥኩ፤ ማንም የሚያደርገውን አደረግኩ። እግሬን ከነዳጁ ላይ ድንገት አነሳሁ። ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፣ የኋላዋ ቀለለ፣ ሲቪኳ እንደ እንዝርት ዞረች። «ሁለቱንም እግር!» አሉ ሽማግሌው፤ ፍሪሲዮንና ፍሬን አንድ ላይ ርገጥ ማለታቸው ነው። ሣር ላይ በጀርባችን ቆምን። ከአቧራ በቀር የነካን ነገር የለም። እዚያ ለመሳሳት ተብሎ የተተወ ሰፊ ሣር አለ። ኢንተርስቴት 66 ላይ ሣሩ የሌላ ሰው መኪና ነው። ጥቁር ባንዲራ ተሰጥቶኝ ወጣሁ፤ አንዲት ሴትዮ ምን እንደተፈጠረ እንዳስረዳ ጠየቀችኝ። እንደ ፍርድ ቤቱ ግን አልፈራሁም።

ቀኑ ያልጨረሰው ጉድ ነበረው። በሦስተኛው ዙር፣ ረጅሙ ቀጥታ መንገድ መጨረሻ ላይ፣ አንደኛው ኩርባ ፊት ለፊት ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ሄደ። ደጋግሜ ስረግጠው ያዘ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ምክንያቱ ስንፍናዬ ነው። የፍሬን ዘይቱን ከአራት ዓመት በላይ አልቀየርኩትም። ይህ ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። «ዶት 4» የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚውጠው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ዘይቱ ፈላ፣ አረፋ ሆነ፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃል።

የዚያን ዕለት ማታ ኮምቦልቻ ላለው አባቴ ደወልኩ። አባቴ በወጣትነቱ ፊያት ኤንትሬ ከነተሳቢው ይዞ አሰብ ሲመላለስ የኖረ ሾፌር ነው። ለመዝናናት መኪና ለመንዳት ከፍዬ እንደነበር ስነግረው ዝም አለ።

«ስንት ከፈልክ?»

«350 ዶላር፣ አባባ።»

«ምን ጭነህ?»

«ምንም።»

«የት ደረስክ?»

«ሜዳው ክብ ነው፤ መዞር ነው።»

«ዞረህ እዚያው ለመድረስ?» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሊሰጥ ሲል የፍሬኑን ነገር ነገርኩት። ያን ጊዜ ድምፁ ተለወጠ። «ሞቆ ነዋ!» አለ። ቡና ጭነው ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ በወጡበት ማርሽ እንደሚወርዱ፣ ፍሬን ለጭንቅ ቀን እንደሚቀመጥ፣ ጭሱ የሚሸተው ረዳቱ ቀድሞ እንደሆነ አጫወተኝ። ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል የገባ ጓደኛውንም አነሳልኝ። በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለዚያ ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ከአባቴ ጋር ሃያ ደቂቃ ሳይቋረጥ ያወራነውም ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። ብዙ ጊዜ «ደህና ናችሁ? ገንዘቡ ደረሰ?» ብለን ነው የምንዘጋው።

መሞከር ለምታስቡ ስለ ገንዘቡ ሳልደብቅ ልናገር። የመግቢያው ዋጋ ትንሹ ነው። ጎማና የፍሬን ሸራ ያልቃል። ዋናው ግን ኢንሹራንስ ነው። የተለመደው የመኪና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ቀን ስለማይሸፍን ውሉን አንብቡ፤ ለአንድ ቀን የሚገዛ የተለየ ሽፋን አለ። የባንክ ዕዳዋ ያላለቀ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ የምታደርሳችሁ ብቸኛ መኪና ከሆነች እኔ አልመክርም፤ ብትጠፋ የማያስለቅሳችሁን ይዛችሁ ግቡ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የኑርቡርግሪንግ ስም ያጓጓችኋል። 20.8 ኪሎ ሜትር የሆነው ኖርድሽላይፈ ለሕዝብ ክፍት በሚሆንበት ጊዜ ሕጉ እንደ ማንኛውም የክፍያ መንገድ ነው የሚያየው፤ ጎናችሁ አስተማሪ የለም፣ የሰበራችሁትን አጥርም ያስከፍሏችኋል። ለመጀመሪያ ቀን የሚመረጥ ቦታ አይደለም። ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ አውቶድሮምና ያስ ማሪና ቅርባችሁ ናቸው፤ ግን በሙቀቱ ወቅት ከመኪናዋ በፊት እናንተ ትፈላላችሁ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። አውራ ጎዳና ላይ አሁን በቀኙ መስመር የምሄድ አሰልቺ ሰው ሆኛለሁ፤ ባለቤቴ «አረጀህ» ትለኛለች። የግሪን ካርዱ ነገርም በሰላም አለቀ።

ባለፈው ወር መኪናዋ ውስጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ለአባቴ በቴሌግራም ላክሁለት። አየው እንደሆነ ሳላውቅ ሁለት ቀን ቆየና የድምፅ መልእክት መጣ። ማርሹን አልነቀፈም። «መሪውን ግን አንቀህ ይዘኸዋል» አለ፤ «ላላ አድርገው። የፍሬን ዘይቱንስ ቀየርክ?»