262 አስወጣ... 262 በነፃ አሳለፈ!

መካኒሳ እሁድ ጠዋት ሜዳ ዳር የቆመ ሰው እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ያውቀዋል። ግራ እግሩ መድፍ ነው። ሲመታ ግን ኳሷ ወይ ከአጥር ማዶ የሰው ቆርቆሮ ላይ ታርፋለች፣ ወይ የገዛ ጓደኛውን ጀርባ ትለበልባለች። ከዚያ ምክር ይዘንባል። «ጎንበስ በል!» «በውስጥ እግርህ!» «አትምታ፣ ስጥ!» ሜዳ ዳር ያለው ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ልጁም የአሥር ሰው ምክር በአንዴ ልፈጽም ሲል የባሰውን ይስታል።

ዛሬ የምናወራው የእነዚህ ሁሉ አለቃ ስለሆነ ሰው ነው። ኳስ የሚመታ ሳይሆን የሚወረውር... አዎ፣ የቤዝቦል ሰው። ገጹን አትግለጡት፣ ለእግር ኳስ ሰውም ይገባል።

ስቲቭ ዳልኮውስኪ ይባላል። እ.አ.አ በ1939 በአሜሪካ ኮኔክቲከት፣ ኒው ብሪቴን ተወለደ። ግራኝ ነው፣ መነጽር ያደርጋል፣ ግዙፍ የሚባልም አይደለም። በ1957 ገና በ18 ዓመቱ ባልቲሞር ኦሪዮልስ አስፈርሞ ወደ ታችኛው ሊግ ላከው።

ሕጉ በአጭሩ ይኸው። ወርዋሪው ከ18 ሜትር ገደማ ርቀት ይወረውራል፣ መቺው ዱላ ይዞ ይጠብቃል። ሦስቴ ካመለጠው መቺው ይወጣል። ወርዋሪው ከተፈቀደው ክልል ውጭ አራቴ ከላከ ግን መቺው ዱላውን ጥሎ በነፃ ወደ መጀመሪያው ጣቢያ ይሄዳል። በገዛ እጅ ፔናሊቲ መስጠት በሉት።

ዳልኮውስኪ በመጀመሪያ ዓመቱ በ62 ዙር 121 ሰው አስወጣ፣ 129 በነፃ አሳለፈ። 39 ጊዜ የወረወራትን ኳስ የራሱ ቡድን ተቀባይ እንኳ ሊይዛት አልቻለም። አንድ አሸንፎ ስምንት ተሸነፈ። በአንድ ምሽት ብቻ 24 አስወጥቶ፣ 18 አሳልፎ ቡድኑ 8 ለ 4 ተረታ። 24 አስወጥቶ መሸነፍ! በ1960 ደግሞ በካሊፎርኒያ ለስቶክተን ሲጫወት 262 አስወጣ፣ 262 አሳለፈ። የታይፕ ስህተት አይደለም። እኛ ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት ስናደንቅ ተመልካች መሃል የላካቸውን አንቆጥርበትም። ቤዝቦል ግን ሁሉንም ይመዘግባል።

ፍጥነቱስ? ያኔ መለኪያ በየሜዳው ስላልነበረ በ1958 አበርዲን ወደሚገኘው የአሜሪካ ጦር መሞከሪያ ጣቢያ ወሰዱት። በዋዜማው ተጫውቷል፣ ወርዋሪ የሚቆምበት ጉብታም አልነበረም። መሣሪያው ደግሞ የሚለካው ኳሷ በጠባብ ክልል ስታልፍ ብቻ ነው። እሷ ደግሞ መች ታልፋለች! ብዙ ከጠበቁ በኋላ የተገኘው ውጤት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በዓይናቸው ያዩት ግን ከ160 በላይ ነው ብለው ይምሉለታል።

አሠልጣኞች ያልሞከሩት የለም። ኃይሉ እንዲቀንስ ከጨዋታ በፊት እስኪደክመው ያስወረወሩት ሁሉ አሉ። በ1962 ኤልማይራ በሚባል ቡድን ኧርል ዊቨር እጅ ገባ። ዊቨር ያደረገው ቢኖር ምክሩን መቀነስ ነው። ፈጣኗንና አንዲት ተጠማዛዥ ኳስ ብቻ ወርውር፣ ሌላውን እርሳው አለው። በቃ! በ1961 በ103 ዙር 196 በነፃ ያሳለፈው ሰው፣ በ160 ዙር 114 ብቻ አሳለፈ። በእኔ እምነት ልጁን የገባው አሠልጣኝ ይህ ብቻ ነው። በኋላ በ1970 ከኦሪዮልስ ጋር ዎርልድ ሲሪስን ያነሳው ይኸው ዊቨር ነው።

በመጋቢት 1963 ለዋናው ቡድን ማሊያ ተለካለት። የዝግጅት ጨዋታ ነበር፣ ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር። እዚያው ጨዋታ ላይ ክርኑ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ የቀድሞው ዳልኮውስኪ አልተመለሰም፤ በትልቁ ሊግ አንድም የውድድር ኳስ ሳይወረውር በ1960ዎቹ አጋማሽ ጨዋታውን ተወ።

መጠጥ የጀመረው ክንዱ ከተጎዳ በኋላ ነው የሚሉ አሉ። ልክ አይደለም፣ ሲጫወትም ይጠጣ ነበር። ካሊፎርኒያ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። የወይን ጠጅ ጠርሙስ ከትልሙ ጫፍ አስቀምጦ እሱ ጋ ለመድረስ ይለቅም ነበር ይባላል። በ1988 ሮን ሼልተን የሠራው «ቡል ደርሃም» ፊልም ላይ ያለው ክንደ ብርቱ፣ ዒላማ ቢስ ወጣት መነሻው እሱ ነው። ባለታሪኩ ግን መጠጥ አእምሮውን ጎድቶት በ1990ዎቹ እህቱ ወደ ትውልድ ከተማው መለሰችው። ሚያዝያ 2020 ኮሮና ሲወስደው 80 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ መስከረም 2003፣ በ64 ዓመቱ ባልቲሞር ጠራው። ማሊያው ተለክቶለት ባልተጫወተለት ቡድን ሜዳ ላይ የክብር መክፈቻዋን ኳስ ወረወረ። በክብር ኳስ መቺ አይቆምም፣ የሚቆጥርም የለም።