ለሒሳብ የባግሩት ፈተና በጋራ ማጥናት



በእስራኤል አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች «ባግሩት» የሚባለውን የመንግሥት ፈተና ይወስዳሉ። ሒሳብ ከግዴታ ትምህርቶች አንዱ ነው። ፈተናው በሦስት ደረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ደረጃዎቹም «የሒዶት ሊሙድ» በሚባሉ የትምህርት ክፍሎች ይቆጠራሉ፤ ዝቅተኛው 3፣ መካከለኛው 4፣ ከፍተኛው 5 ነው። የማለፊያው ነጥብ 55 ነው። በ3ቱም ቢሆን የባግሩት ምስክር ወረቀት ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ዩኒቨርሲቲዎች በ4 እና በተለይም በ5 ላለፈ ተማሪ ተጨማሪ ነጥብ ያስቡለታል። ስለሆነም ልጅዎ በየትኛው ደረጃ እንደሚማር ማወቅ ይገባዎታል።

ለብዙ የዖሊም ልጆች አስቸጋሪው ስሌቱ ሳይሆን የጥያቄው ቋንቋ ነው። በኢትዮጵያ የተማረ ልጅ ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን ያውቃቸዋል፤ እኩልታ በዕብራይስጥ መጽሐፍም ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል። የሚሰናከለው በአንዲት ትንሽ ቃል ላይ ነው። አንድ ምሳሌ እንስጥ፦

«የታላቅ ወንድም ዕድሜ ከታናሹ ፒ ሻሎሽ ይበልጣል። ከ6 ዓመት በኋላ የታናሹን 2 እጥፍ ይሆናል። የታናሹ ዕድሜ ስንት ነው?»

በዕብራይስጥ «ፒ ሻሎሽ» ማለት 3 እጥፍ ማለት ነው። «በሻሎሽ» ቢል ግን በ3 ዓመት ይበልጣል ማለት ይሆን ነበር (ይህ «በ» እንደ አማርኛችን «በ» ነው)። ሁለቱን ያምታታ ተማሪ ስሌቱን ያለ ስሕተት ሠርቶ የታናሹን ዕድሜ ከዜሮ በታች 3 ሆኖ ያገኘዋል። ገና ያልተወለደ ልጅ መሆኑ ነው! አጠገቡ ዕብራይስጥ የሚችል ጓደኛ ካለ ግን «ፒ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሁለቱም እንደገና ሠርተው ታናሹ 6፣ ታላቁ 18 ዓመት መሆናቸውን ይደርሱበታል። ከ6 ዓመት በኋላ 12 እና 24 ስለሚሆኑ መልሱ ትክክል ነው። ዕብራይስጥ የሚችለውም ቢሆን እኩልታውን እንዴት እንደሚያቆም ከዚያኛው ሊማር ይችላል።

በጋራ ማጥናት የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ወይም አራት ተማሪዎች ይበቃሉ። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ታትመው ስለሚገኙ ከእነርሱ አንዱን ይውሰዱ፤ እያንዳንዱ በመጀመሪያ ብቻውን ይሞክር፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ለሌሎቹ አሠራሩን ያስረዳ። መልሱን ብቻ ከጓደኛው ደብተር የሚገለብጥ ልጅ በፈተናው ቀን ባዶ እጁን ይቀርባል።

አንዳንድ ወላጆች ልጆች ተሰብስበው ሲነጋገሩና ሲሳሳቁ ሲያዩ ጥናት አይመስላቸውም። በሒሳብ ግን መከራከር የሥራው ክፍል ነው። ሒሳቡን እርስዎ ባይማሩትም ልጅዎን «ይህን እንዴት እንደሠራህ በአማርኛ ንገረኝ» ሊሉት ይችላሉ። ማስረዳት ካቃተው የቱ ላይ እንዳልገባው ራሱ ያውቀዋል። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ወይም ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው በሰው ቤት ማምሸታቸው ካላስደሰተዎት፣ በትምህርት ቤቱ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በ«መትናስ» (የማኅበረሰብ ማዕከል) የሚያጠኑበት ክፍል እንዲሰጣቸው ይጠይቁ።

ትምህርት ቤቱ ልጅዎን ወደ ዝቅተኛ «ሃቅባጻ» (የደረጃ ቡድን) ለማውረድ ካሰበ፣ ሳይጠይቁ እሺ አይበሉ። ችግሩ የሒሳብ ነው ወይስ የዕብራይስጥ? የዕብራይስጥ ከሆነ የቋንቋ ርዳታ እንዲሰጠው ይጠይቁ። ከመምህሩ ጋር ለመነጋገር አስተርጓሚ ካስፈለገዎት «ሜጋሼር» እንዲገኝልዎ ያሳስቡ። ለዖሊም ሐዳሺም በባግሩት ፈተና «ሃትአሞት» የሚባሉ ልዩ አስተያየቶች አሉ፤ ለምሳሌ ተጨማሪ ሰዓት። እነዚህም በትምህርት ቤቱ በኩል የሚጠየቁ ስለሆነ የፈተናው ወራት ሳይደርስ ይጠይቁ።

በፈተናው አዳራሽ ውስጥ ግን መረዳዳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሲገለብጥ ወይም ለጓደኛው ሲያሳይ የተገኘ ተማሪ ፈተናው ሊሰረዝበት ይችላል። የቀመሮች ወረቀት ከፈተናው ጋር ስለሚሰጥ ሁሉንም በቃል መያዝ አያስፈልግም። ልጅዎ መታወቂያውንና የተፈቀደለትን የሒሳብ መሣሪያ ይዞ በሰዓቱ ይድረስ።