ምስክሮቹ ስንት ናቸው?
እርስ በርስ የተያያዙ ድረ ገጾች፣ ሰርቨሮችና የፍለጋ ደረጃ

አንድ አስጎብኚ ድርጅት አምስት ድረ ገጾች አሉት እንበል። አንደኛው ስለ ጉብኝት መርሐ ግብሮቹ፣ ሁለተኛው ስለ ሆቴሉ፣ ሦስተኛው ስለ መኪና ኪራይ፣ አራተኛው ስለ አገሪቱ አዕዋፍ፣ አምስተኛው ደግሞ ስለ ታሪካዊ ቦታዎች ያስረዳሉ። አምስቱም በአንድ ሰርቨር ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲሻገር በሊንክ ተያይዘዋል። አንድ ቀን አንድ አማካሪ ይመጣና «ድረ ገጾቹን በአምስት የተለያዩ ሰርቨሮች ላይ ብታስቀምጧቸው ጉግል የአንድ ባለቤት መሆናቸውን ስለማያውቅ በፍለጋ ውጤት ከፍ ያለ ደረጃ ታገኛላችሁ» ሲል ይመክራል። ምክሩን መቀበል የኪራይ ወጪን ወደ አምስት እጥፍ ያሳድጋል። ሰርቨሮቹ የሚከራዩት ከውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ክፍያው የሚጠየቀው በውጭ ምንዛሪ ነው። እንግዲህ ድርጅቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምክሩ ሳይንሳዊ መሠረት ያለው መሆን አለመሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከመነሻው ለመመርመር እንሞክራለን።

ሊንክ እንደ ምስክርነት

የመጀመሪያዎቹ የፍለጋ ሞተሮች አንድን ገጽ የሚመዝኑት በዋነኛነት በውስጡ ባሉት ቃላት ነበር። ይህ አሠራር ቀላል ቢሆንም ባለ ገጹ ስለ ራሱ የሚናገረውን ሁሉ እንደ እውነት የሚቀበል በመሆኑ ለማጭበርበር የተጋለጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን ፔጅራንክ የተባለውን ዘዴ የያዘ ጥናታቸውን አቀረቡ። የዘዴው መሠረተ ሐሳብ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲያደርግ ስለዚያ ገጽ ጠቃሚነት እንደ መሰከረ ይቆጠራል፤ የምስክርነቱም ክብደት በመስካሪው ገጽ ክብደት ይወሰናል። መስካሪው ወደ ብዙ ገጾች ሊንክ ካደረገ ደግሞ ክብደቱ ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል።

ሒሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ የአንድ ገጽ ዋጋ 0.15 ሲደመር፣ ወደ እርሱ ከሚጠቁሙት ገጾች የደረሱት ድርሻዎች ድምር በ0.85 ተባዝቶ ነው። 0.85 የሚለው ቁጥር በአማካይ ከመቶ 85 ጊዜ ሊንክ እየተከተለ፣ በቀረው 15 ጊዜ ግን ወደ ሌላ የዘፈቀደ ገጽ የሚዘል አንባቢን ባሕርይ ይወክላል።

ስሌቱን በአምስቱ ድረ ገጾች ላይ እንሞክረው። ነገሩን ለማቅለል እያንዳንዱን ድረ ገጽ እንደ አንድ ገጽ እንቁጠረው። የጉብኝቱ ድረ ገጽ ማንም የማይጠቁመው ቢሆን ዋጋው 0.15 ብቻ ነበር። አሁን አራቱ ወደ እርሱ ብቻ ሊንክ ያድርጉ፤ እርሱም መልሶ ወደ አራቱ ሊንክ ያድርግ። በዚህ ጊዜ የእርሱ ዋጋ ወደ 2.38፣ የእያንዳንዳቸው የአራቱ ደግሞ ወደ 0.66 ያድጋል። የዋናው ድረ ገጽ ዋጋ ከውጭ አንድም መስካሪ ሳይኖር ወደ 16 እጥፍ ገደማ ከፍ አለ ማለት ነው።

በዚህ ስሌት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሒሳቡ ስለ ሰርቨር የሚያነሣው ነገር የለም፤ አምስቱ ገጾች በአንድ ሰርቨርም ሆነ በአምስት ሰርቨሮች ላይ ቢቀመጡ ውጤቱ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ዋጋው 50 የሆነና ወደ 10 ገጾች የሚጠቁም አንድ የታወቀ ገጽ ወደ ጉብኝቱ ድረ ገጽ ሊንክ ቢያደርግ፣ በዚያ አንድ ሊንክ ብቻ የድረ ገጹ ዋጋ 4.40 ይደርሳል። ከአንድ እውነተኛ የውጭ ምስክር የተገኘው ዋጋ አራት የቤት ምስክሮች ከሰጡት ይበልጣል።

አድራሻው ለምን ተፈለገ?

ታዲያ የሰርቨር ነገር ከየት መጣ? ፔጅራንክ «እከክልኝ ልከክልህ» ለሚሉ ድረ ገጾች በር እንደሚከፍት ተመራማሪዎች ለመገንዘብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። ዳኛ የአንድ ቤተሰብ አባላት የሰጡትን ቃል እንደ አምስት ገለልተኛ ምስክሮች ቃል እንደማይቆጥር ሁሉ፣ የፍለጋ ሞተርም የምስክሮቹን ዝምድና ማወቅ አስፈለገው።

ክሪሽና ባራትና ሞኒካ ሄንዚንገር እ.ኤ.አ. በ1998 ባቀረቡት ጥናት፣ በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ያሉ ብዙ ገጾች ወደ አንድ የውጭ ገጽ ቢጠቁሙ የሁሉም ድምፅ ተደምሮ እንደ አንድ ድምፅ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። መቶ ገጾች ቢጠቁሙ የእያንዳንዱ ክብደት አንድ መቶኛ ይሆናል ማለት ነው። ቀጥሎም ባራት ከጆርጅ ሚሃይላ ጋር ሂልቶፕ የተባለውን ዘዴ አዘጋጀ። በሂልቶፕ አንድ ገጽ ከፍ ያለ ደረጃ እንዲያገኝ እርስ በርሳቸው ዝምድና የሌላቸው ቢያንስ ሁለት የመስኩ አዋቂ ገጾች ሊጠቁሙት ይገባል። ዝምድናን ለመለየት ከተቀመጡት መመዘኛዎች አንዱ የድረ ገጾቹ ስም ተመሳሳይነት ሲሆን፣ ሌላው የአይፒ አድራሻ ነው።

አይፒ አድራሻ በኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር የሚታወቅበት ቁጥር ነው። በስፋት በተለመደው አጻጻፍ በነጥብ የተለዩ አራት ቁጥሮችን ይይዛል። ለምሳሌ 192.0.2.10 እና 192.0.2.77 የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮቻቸው አንድ ናቸው። በሂልቶፕ መመዘኛ መሠረት እነዚህ ሁለት ድረ ገጾች እንደ ዘመዳሞች ይታያሉ። ተመሳሳይ ሐሳብ ባራት ለጉግል ባስመዘገበው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በጸደቀው የፈጠራ መብት ውስጥም ሰፍሯል። የፈጠራ መብት መመዝገብ ዘዴው በሥራ ላይ ለመዋሉ ማስረጃ ባይሆንም፣ «በሦስቱ ቁጥሮች የሚለያዩ ሰርቨሮችን ተከራዩ» የሚለው የአማካሪዎች ምክር ከዚህ መንደር የተነሣ ነው። ስለዚህ ምክሩ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም፤ ስሕተቱ ፍንጭን እንደ ፍርድ መቁጠሩ ላይ ነው።

አንድ ጣሪያ፣ ብዙ ተከራይ

አድራሻ ደካማ ፍንጭ የሚሆንበት ምክንያት በኢንተርኔት አሠራር ውስጥ ይገኛል። በአራት ቁጥር የሚጻፉት አድራሻዎች በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ብቻ ሲሆኑ፣ ያልታደሉት የመጨረሻዎቹ የዓለም አቀፍ ጥቅሎች እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ተከፋፍለው አልቀዋል። ስለዚህ አድራሻን መጋራት ግዴታ ሆኗል። ይህንንም የሚያስችል ቴክኒክ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አለ፦ የአንባቢው ኮምፒዩተር ገጽ ሲጠይቅ ከአድራሻው ጋር የድረ ገጹን ስም ጭምር ስለሚልክ፣ አንድ አድራሻ ያለው ሰርቨር በሺሕ የሚቆጠሩ ድረ ገጾችን ለየራሳቸው አንባቢ ሊያደርስ ይችላል።

በዚህ ሁኔታ በአንድ አድራሻ ሥር የሚኖሩ ድረ ገጾች በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ቢሮ እንደ ተከራዩ ድርጅቶች ናቸው። ሕንፃው አንድ ስለሆነ ብቻ ተከራዮቹ ዘመዳሞች አይሆኑም፤ አንዱ ተከራይ ቢያጠፋም ሌላው አይከሰስም። የጉግል መሐንዲሶችም አድራሻ ለሚጋሩ ድረ ገጾችና ለሊንኮቻቸው የሚሰጠው ግምት የራሳቸው አድራሻ ካላቸው እንደማይለይ ባለፉት ዓመታት በይፋ ገልጸዋል። ከዚህም በላይ፣ ዛሬ ብዙ ድረ ገጾች ይዘታቸውን ለአንባቢ በቅርብ በሚያደርሱ የስርጭት ኩባንያዎች አማካይነት ስለሚያልፉ፣ ከውጭ የሚታየው አድራሻ የስርጭት ኩባንያው እንጂ የባለቤቱ ሰርቨር አይደለም።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ሰርቨሮች መለያየታቸው የባለቤቶችን መለያየት አያረጋግጥም። የአንድ ባለቤት ድረ ገጾች በጽሑፋቸው መመሳሰል፣ በገጽ አቀማመጣቸው፣ ጎብኚ ለመቁጠር በሚጠቀሙበት የጋራ መለያ ቁጥር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሊንኮቹ በሚሠሩት ቅርጽ ሊታወቁ ይችላሉ። አምስት ድረ ገጾች እርስ በርስ ብቻ እየተጠቋቆሙ ከሌላው ዓለም ምንም ሊንክ ካላገኙ፣ በአምስት አህጉራት ላይ ቢበተኑም የቀለበቱ ቅርጽ አይጠፋም።

በብዙ ሰርቨሮች ላይ የተበተነ ማታለል

ሰርቨር መለየት ብቻውን ከለላ እንደማይሆን የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ጄ. ሲ. ፔኒ ስለተባለው የአሜሪካ የመደብር ኩባንያ አንድ ምርመራ አወጣ። ኩባንያው ከቀሚስ እስከ ምንጣፍ ባሉ በርካታ የፍለጋ ቃላት በጉግል ላይ የመጀመሪያውን ቦታ ይዞ ነበር። ሲመረመር ከሥራው ጋር ምንም ግንኙነት በሌላቸው፣ በመላው ኢንተርኔት በተበተኑ በሺሕ የሚቆጠሩ ገጾች ላይ ወደ እርሱ የሚጠቁሙ ሊንኮች ተገኙ። ኩባንያው ሊንኮቹ ያለ እርሱ ፈቃድና ዕውቀት የተደረጉ መሆናቸውን አስታወቀ። ጉግል እርምጃ በወሰደ ጊዜ ግን ኩባንያው አንደኛ በነበረባቸው አንዳንድ ቃላት በሰዓታት ውስጥ ከ60ኛ በታች ወረደ። እነዚያ ገጾች በአንድ ሰርቨር ላይ አልነበሩም፤ ያጋለጣቸው አድራሻቸው ሳይሆን ሊንኮቹ ከገጾቹ ይዘት ጋር አለመዛመዳቸው ነው።

ጉግል እ.ኤ.አ. በአፕሪል 2012 ፔንግዊን የተባለውን ማሻሻያ በማውጣት ይህን ዓይነቱን ሊንክ በኮምፒዩተር መለየት ጀመረ። በ2016 ፔንግዊን የዋናው አሠራር አካል ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አጠቃላይ አቅጣጫው የተጠረጠሩ ሊንኮችን ዋጋ ማሳጣት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ደግሞ ስፓምብሬይን የተሰኘ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ሥርዓት ለዚሁ ተግባር ዋለ። እንግዲህ ለአምስት ሰርቨሮች የተከፈለው ገንዘብ በመጨረሻ ዜሮ የሚሆን ሊንክ ሊገዛ ይችላል ማለት ነው።

ሰርቨር የሚጠቅመው በምንድን ነው?

ይህ ሁሉ ሲባል የሰርቨር ምርጫ ከቁም ነገር አይገባም ማለታችን አይደለም። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2010 የድረ ገጽ ፍጥነትን፣ በ2018 ደግሞ በሞባይል ስልክ ላይ ያለውን ፍጥነት በደረጃ አሰጣጥ ውስጥ እንደሚያካትት አስታውቋል። ከዚያም በላይ፣ ሰርቨሩ በተደጋጋሚ የሚቋረጥ ከሆነ የፍለጋ ሞተሩ ገጾቹን ለማንበብ ይቸገራል። አምስቱ ድረ ገጾች በአንድ ሰርቨር ላይ ሲሆኑ አንድ ብልሽት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊዘጋ፣ በአንዱ የገባ ሰርጎ ገብም ወደ ሌሎቹ ሊሻገር ይችላል። በእነዚህ ምክንያቶች ሰርቨር መለየት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ግን የአገልግሎት ጥራትና ደኅንነት እንጂ ባለቤትነትን መሸሸግ አይደለም።

በግልጽ የሚታይ ዝምድና ራሱ ነውር እንደሌለበትም መታወቅ አለበት። የጉብኝቱ ድረ ገጽ አንባቢውን ወደ ሆቴሉ ቢመራው ለአንባቢው ጠቀመው እንጂ አላታለለውም። ጥቂት ተዛማጅ ድረ ገጾች በዚህ መልክ ቢያያዙ የሚያስቀጣ ነገር የለም። ጥርጣሬ የሚመጣው ሊንኩ ለአንባቢ ሳይሆን ለፍለጋ ሞተር ተብሎ ሲደረግ፣ ለምሳሌ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በደርዘን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ሲደረደሩ ነው።

ስለዚህ አስጎብኚው ድርጅት ለአማካሪው ምን ይመልስ? በእኛ አስተያየት አምስቱን ድረ ገጾች አስተማማኝ በሆነ አንድ ሰርቨር ላይ ያቆያቸው፤ ወይም ወደ አንድ ጠንካራ ድረ ገጽ ያጠቃልላቸው። ለአራቱ ተጨማሪ ሰርቨሮች ሊከፍለው የነበረውን ገንዘብ ስለ አገሪቱ አዕዋፍ በቂ ዕውቀት ያለው ባለሙያ የተሟላ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅለት ያውለው። ጽሑፉ ጥሩ ከሆነ አንድ የማያውቀው የወፍ ተመራማሪ ወይም ቤተ መጻሕፍት አንብቦ ሊንክ ያደርግለት ይሆናል። ያ አንድ ሊንክ በስሌታችን እንዳየነው ከቀለበቱ ሁሉ የበለጠ ይመዝናል፤ የሚመዝነውም የመጣው ከሌላ ሰርቨር ስለሆነ ሳይሆን ከሌላ ሰው ስለሆነ ነው።