ከማንጎው ዛፍ ሥር

ማንጎ በሚለቀምበት ወቅት ባጃጅ በራችን ላይ ስትቆም ገና ሳልወጣ «ከዛፍ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ነው። በቀደም የመጣውን ጎልማሳ ሁለት ወንድሞቹ አንዱ በብብቱ አንዱ በጉልበቱ ይዘው፣ እንደ ጆንያ አጥፈው አስገቡት። «ወጌሻ ጋ ልንወስደው ነበር፤ እግሬ አልሰማ አለኝ ሲለን ፈራን» አለኝ ታላቅየው።

ወገቤን ስላለ ወገቡን ራጅ አነሳነው። ወጣቱ ባልደረባዬ ስሙን ሸፍኖ ፊልሙን ለስልኩ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳየው። ስልኩም ጥርት ባለ አማርኛ «ግልጽ ስብራት አይታይም» አለ።

እኔ መርፌ ይዤ ከደረቱ ወደ ታች ወረድኩ። «ወንድሜ፣ ይወጋሃል?» እስከ እምብርቱ ይወጋዋል፤ ከእምብርቱ በታች ዝም። ያ ዝምታ ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳው ከወገብ በላይ እንደሆነ ይናገራል። ደረቱን ደግመን ስናነሳ አንዱ አንጓ ተጨፍልቋል። ስልኩ አልዋሸም፤ የጠየቅነው ስለ ሌላ ቦታ ነው።

ቴክኖሎጂውን ለማጣጣል አይደለም። በ2022 እ.ኤ.አ. የሰሜን አሜሪካ የራዲዮሎጂ ማኅበር ከ6 አህጉር በተሰበሰቡ የአንገት ሲቲ ስካኖች ውድድር አካሂዶ ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ፕሮግራሞች 7ቱን የአንገት አንጓዎች አንድ በአንድ እያዩ ስብራት ይጠቁማሉ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ያሠጋውን ሕመምተኛ ምስል ከወረፋው ፊት ያመጣል። የምስል ክምር ላለበት ሆስፒታል ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ወረፋ ግን ሕመምተኛ በምንልክበት መንገድ ላይ ነው፦ ሸዋሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ የጣርማ በር ዳገት፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፤ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ይኸው መንገድ ወደ አዲስ አበባ ሲቀጥል ሸኖን ያልፋል። አበበ ቢቂላ መጋቢት 1961 ዓ.ም. ከሸኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ፤ ከውስጡ የወጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ድረስ ተወስዶ ቢታከምም ዳግም አልተራመደም። ሲያወጡት አንገቱን ማን ደግፎት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስለዚህ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት የምመኘው ራጅ ማንበቡን አይደለም። ማንጎው ሥር ለቆመው ወንድም በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአርጎብኛ «አታንሱት፤ አንገቱን ያዙ፤ እግርህን አንቀሳቅስ በሉት፤ በር ንቀሉና አጋድሙት» የሚል ድምፅ ቢሆንልኝ ነው። ባጃጅ ውስጥ የታጠፈን አከርካሪ ምንም ስካን አይዘረጋውም።

የእኛን በሽተኛ አራት ሆነን እንደ ግንድ በአንድ ጊዜ ገለበጥነው፤ ሁለት ጋቢ ጠቅልለን ከራሱ ግራና ቀኝ አደረግንለት። ሽንቱ እንዲወርድ ቱቦ ገባለት። አምቡላንሱ ሲነሳ ታላቅየው «ምን ላድርግ?» አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ አላርም ሞላሁለት፦ ቁስል እንዳይፈጠር፣ ደብረ ብርሃን ከተኛ በኋላ ነርሶቹን ጠርቶ በየ2 ሰዓቱ ጎኑን እንዲያስቀይሩት።