የቻርሊ ብራውን ወራሾች

(ከዳብሊን፣ ካሊፎርኒያ)

ከምኖርባት ከዳብሊን ተነስቶ፣ የሪችመንድን ድልድይ ተሻግሮ በ101 አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ተኩል ግድም ሳንታ ሮዛ ይደርሳል። ልጄን ይዤ እዚያ የሄድኩት የቻርልስ ሹልዝን ሙዚየም ለማየት ነበር። አሜሪካ የኖረ ሰው ስኑፒ የሚባለውን ነጭ ውሻና ቻርሊ ብራውን የሚባለውን ክብ ራስ ልጅ አያጣቸውም። ስንወጣ ልጄ፣ «አባዬ፣ ሰውዬው ከሞተ በኋላ ማን ሳለው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። «ለምን? ልጆች የሉትም?»

ልጆችስ ነበሩት፤ ያውም አምስት። ጥያቄዋ ግን ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም በዚህ አገር የጋዜጣ ካርቱን እንደ እርሻ መሬት ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። ሠዓሊው የሚሠራው ለአንድ ጋዜጣ አይደለም። ሲንዲኬት የሚባል አከፋፋይ ድርጅት ሥራውን ተቀብሎ በመቶ ለሚቆጠሩ ጋዜጦች ይሸጣል፤ ገቢውንም ከሠዓሊው ጋር ይካፈላል። ለረጅም ጊዜ ባለቤትነቱ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ የአከፋፋዩ ነበር። ሠዓሊው ሲሞት ታዲያ የምትታለበው ላም አብራ እንድትሞት የሚፈልግ የለም፤ ተተኪ ይፈለጋል። ከአባቱ ጠረጴዛ ሥር ያደገ ልጅ ደግሞ ከሁሉም ይቀርባል።

«ብሎንዲ»ን የጀመረው ቺክ ያንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲሞት ልጁ ዲን ያንግ ቀጠለበት። ጆኒ ሃርት በ2007 በሥዕል ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሲሞት የልጅ ልጁ ብዕሩን አነሳ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ግን የቢል ኪን ቤት ነው። ኪን በ1960 የቤተሰብ ሕይወትን የሚያሳይ ካርቱን ሲጀምር ገጸ ባሕርያቱን ከገዛ ልጆቹ ቀዳ፤ ከልጆቹ አንዱ ጄፍ፣ በካርቱኑ ውስጥ ጄፊ ሆነ። አባት በ2011 አረፈ። ዛሬ ካርቱኑን የሚሠራው ያ ጄፍ ነው፤ ሽማግሌ ሆኖ፣ ጨርሶ የማያድገውን ሕፃን ራሱን ይስላል።

ወደ ሹልዝ ልመለስ። ሥራው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1950 በሰባት ጋዜጦች ጀመረ። ከ17 ሺህ 800 በላይ የሚሆኑትን ካርቱኖች ያለ ረዳት፣ በገዛ እጁ ሣላቸው፤ ፊደሎቹን ጭምር። የሚጠቀምበትን የብዕር ጫፍ የሚያመርተው ኩባንያ ሊዘጋ ሲል የቀረውን ክምችት በሙሉ ገዛው። (መሐንዲስ ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይነካል፤ መለዋወጫ ማከማቸት የእኛም አመል ነው።) በ1981 ከተደረገለት የልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የኋለኞቹ ዓመታት መስመሮች ሞገድ አላቸው። ከእሱ ሌላ ማንም እንዳይስለው ልጆቹም ወሰኑ። የካቲት 12 ቀን 2000 ሌሊት ሞተ፤ የመጨረሻው የእሑድ ካርቱን በማግስቱ ወጣ።

ይሁንና ቤተሰቡ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከአንድ ኩባንያ ጋር ሆኖ መብቱን ሲገዛ 20 በመቶውን ያዘ። በ2015 የወጣውን ፊልም ከጻፉት መካከል ልጁ ክሬግና የልጅ ልጁ ብራያን ይገኙበታል። እንግዲህ ፊልም ይሠራል፣ ካናቴራ ይታተማል፤ በጋዜጣው ላይ ግን አዲስ መስመር አይሰመርም። በበኩሌ መጀመሪያ ላይ ይህ ግብዝነት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ፊልምን የብዙ ሰው እጅ እንደሠራው ማንም ያውቃል፤ ከሥሩ ፊርማ ያለበት ሥዕል ግን «ይህ የእኔ እጅ ነው» ብሎ ይመሰክራል።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ጋዜጦች የድሮዎቹን ካርቱኖች እየደጋገሙ ማተማቸውን አላቆሙም። ስለዚህ የሹልዝ ቦታ አልተለቀቀም፤ የካርቱን ገጽ እየጠበበ በሄደበት ዘመን ወጣቱ ከሕያው ልጅም ከሞተ አባትም ጋር ይጋፋል።

በእኛ አገርስ? የሳባን ንግሥት ታሪክ በ44 ሥዕሎች ከፋፍለው በሸራ ላይ የሚተርኩ ሠዓሊዎች ነበሩን፤ ሙያውም በየቤቱ ሲወራረስ ኖሯል። የጋዜጣ ካርቱን ግን ለልጅ እንዲተላለፍ በቅድሚያ ጋዜጣው ሃምሳ ዓመት መኖር አለበት። በ1984 እና በ1985 ዓ.ም. ከፈሉት የግል ጋዜጦች ብዙዎቹ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አልነበሩም። ሠዓሊው ሳያረጅ ጋዜጣው ሞተ፤ ምኑ ይወረሳል?

አባቴ መርካቶ ውስጥ ታፔላ ጸሐፊ ነበር። በየታፔላው ግርጌ ስሙን በትንሹ ያኖር ነበር። ሲሞት ታናሽ ወንድሜ ሱቁን ያዘ፤ ፊደሉንም፣ ያንኑ ስምም። ይህን የሰማሁ ዕለት ከዚህ ደውዬ ተቆጣሁ፤ «ሰው ማታለል ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ደንበኛው የሚያውቀው ይህን ስም ነው። የቤት ኪራዩንስ ማን ይከፍላል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ገንዘብ ላክሁ። እሱ ግን በአባታችን ስም መጻፉን ቀጠለ፤ ፊደል በኮምፒውተር የሚቆርጠው ማሽን መጥቶ ብሩሹን እስኪያስጥለው ድረስ።

አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ የተረፉትን የአባቴን ታፔላዎች እየፈለግሁ ፎቶ አነሳሁ። የ«ጸ» እግር አጣጣሉን አውቀዋለሁ ባይ ነኝ። ማታ ለወንድሜ አሳየሁት። ከሰባቱ አምስቱ የእሱ ነበሩ።