የኮምፒዩተር ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤ መጠቀምና ማወቅ

በዛሬው ዘመን ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ ለመቅጠር ማስታወቂያ የሚያወጣ ነጋዴ ሁሉ «ኮምፒዩተር የሚችል» የሚለውን ቃል ሳይጨምር አይቀርም። ነገር ግን ይህ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አጣምሮ የሚይዝ መሆኑ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። አንደኛው በመሣሪያው መጠቀም ነው፤ ይኸውም ደብዳቤ መጻፍ፣ የሒሳብ ሠንጠረዥ መሙላት፣ መልእክት መላክ ነው። ሁለተኛው የመሣሪያውን አሠራር መርምሮ ማወቅና የራስን ትእዛዝ አቀናብሮ አዲስ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ነው። መኪና የሚነዳና መኪና የሚሠራ አንድ እንዳልሆኑ ሁሉ፣ እነዚህም አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ዕውቀት ምን እንደሆነ ከንግድ ቤት ምሳሌ ወስዶ ማስረዳት ይቻላል። አንድ ነጋዴ 1,000 ደንበኞች አሉት እንበል። ስማቸው ያለ ተራ የተመዘገበ እንደ ሆነ፣ የአንዱን ሒሳብ ለማግኘት እስከ 1,000 መስመር ማንበብ ያስፈልግ ይሆናል። ስሞቹ በፊደል ተራ የተቀመጡ ከሆነ ግን መዝገቡን ከመካከሉ ገልጦ፣ የሚፈለገው ስም ከዚያ በፊት ወይም ከዚያ በኋላ መሆኑን አይቶ፣ ግማሹን መተው ይቻላል። የቀረውንም እንዲሁ እያጋመሱ ቢሄዱ ቢበዛ በ10 ምርመራ ስሙ ይገኛል። ደንበኞቹ 1,000,000 ቢሆኑ እንኳ የሚያስፈልገው 20 ምርመራ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የሥራ ቅደም ተከተል በሙያው ቋንቋ አልጎሪዝም ይባላል። ኮምፒዩተሩ በሚገባው ቋንቋ ሲጻፍ ደግሞ ፕሮግራም ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማር ልጅ በመጀመሪያ የሚለምደው ይህን የመሰለውን አስተሳሰብ ነው።

ሁለቱን ዕውቀቶች አለመለየት የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት የእንግሊዝ አገር ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። (ከዚህ በታች ስለ እንግሊዝ አገር የተጻፉት ዓመታት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) በ1981 ዓ.ም. ቢቢሲ ማይክሮ የተባለው ኮምፒዩተር በወጣ ጊዜ መንግሥት ለትምህርት ቤቶች የግዢውን ዋጋ በከፊል እየደጎመ አስገባላቸው፤ ብዙ ልጆችም በርሱ ፕሮግራም መጻፍ ተማሩ። ከዚያ በኋላ ግን ትምህርቱ ቀስ በቀስ መልኩን ለወጠ። ተማሪው ደብዳቤ ማተምንና ሠንጠረዥ መሥራትን እንጂ የመሣሪያውን ውስጣዊ አሠራር የማይማር ሆነ።

በ2011 ዓ.ም. የጉግል ኩባንያ ሊቀ መንበር ኤሪክ ሽሚት በኤዲንብራ ከተማ ባደረጉት ንግግር ይህን ጉድለት በግልጽ ነቀፉ። በጥር ወር 2012 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትሩ ማይክል ጎቭ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት እንደሚሻር አስታወቁ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. አዲሱ ትምህርት ከ5 ዓመት ሕፃናት ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህም መሠረት ከ11 እስከ 14 ዓመት ያለው ተማሪ ቢያንስ ሁለት የፕሮግራም ቋንቋዎችን፣ ቁጥሮች በ0 እና በ1 ብቻ የሚጻፉበትን ዘዴ፣ እንዲሁም የመፈለግንና በተራ የማስቀመጥን ስልት እንዲማር ታዘዘ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮቢት የተባለች ከመዳፍ የማትበልጥ ኮምፒዩተር እስከ 1 ሚሊዮን ለሚደርሱ የ11 እና የ12 ዓመት ልጆች በነፃ እንድትታደል ተደረገ።

ይሁን እንጂ ሕግ ማውጣትና መሣሪያ ማደል ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ሮያል ሶሳይቲ የተባለው የሳይንስ ማኅበር በ2017 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በ16 ዓመት ዕድሜ ለሚወሰደው ፈተና የኮምፒዩተር ሳይንስን የሚያስተምሩት ትምህርት ቤቶች ከግማሽ በታች መሆናቸውን ገለጸ። ፈተናውን ከሚወስዱት መካከል ሴቶቹ ከመቶ 20 ብቻ ነበሩ። ከ2012 እስከ 2017 ዓ.ም. እንዲመለመሉ ከታቀዱት መምህራን መካከል የተገኙት ከመቶ 68 ያህል ሆኑ። መንግሥትም ይህን ተመልክቶ በዚያው ዓመት ለትምህርቱ ማሻሻያና ለመምህራን ሥልጠና 84 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ።

የመምህር እጦት ምክንያቱ ለነጋዴ የተሰወረ አይደለም። ይህን ሙያ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ከትምህርት ቤት ይልቅ በባንክና በኩባንያ የተሻለ ደመወዝ ያገኛል። እንግዲህ «የሠለጠነ ሰው አጣን» ብሎ የሚያማርረው ቀጣሪ፣ የሚያሠለጥነውን መምህር ከሰሌዳው ፊት የወሰደ እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ አዝመራ አይጠብቅም።

በአገራችንም ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። መንግሥት ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ሥልጠና ጀምሯል፤ ፕሮግራም መጻፍን ጨምሮ ትምህርቱ በኢንተርኔት በነፃ የሚሰጥ ነው። ይህ ለሚተጋ ወጣት ታላቅ ዕድል ነው። ነገር ግን የ15 ዓመት ልጅ ፕሮግራሙ እንቢ ባለው ጊዜ ስሕተቱ ከየት እንደ ሆነ አጠገቡ ሆኖ የሚጠይቀው መምህር ያስፈልገዋል።

ስለዚህ የንግዱ ማኅበረሰብ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ከባድ አይደለም። የኮምፒዩተር ባለሙያ ያለው ድርጅት ያን ሰው በሳምንት ሁለት ሰዓት በአቅራቢያው ወዳለው ትምህርት ቤት ቢልከው፣ የሚጐድልበት ጥቂት፣ የሚያተርፈው ግን ብዙ ነው። በክረምት ዕረፍት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተማሪ ተቀብሎ የዕቃ ቤቱን መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ፕሮግራም እንዲሞክሩ ቢፈቅድላቸው፣ በመጽሐፍ ያነበቡት ነገር በእውነተኛ ዕቃና በእውነተኛ ሒሳብ ይፈተንላቸዋል። ለልጁ የትምህርት መስክ የሚመርጥ ወላጅም ትምህርት ቤቱ ስንት ኮምፒዩተሮች እንዳሉት ከመጠየቁ በፊት፣ የሚያስተምረው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ መምህር ግን በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ነውና።