ዶሮን የሚጎዳት ዝናቡ ነው ወይስ ቤቷ?

በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሲያትል በዝናብ ትታወቃለች። ይሁን እንጂ በዓመት ከምታገኘው የዝናብ መጠን የአዲስ አበባው ይበልጣል። የሁለቱ ከተሞች ልዩነት አዘናነቡ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ መሬቱን ታደርቀዋለች። የሲያትል ዝናብ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ቀስ እያለ ያካፋል፤ በታኅሣሥ ቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ በመሆኑ የረጠበ ነገር የሚደርቅበት ጊዜ አያገኝም።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ነዋሪዎች በግቢያቸው እስከ 8 ዶሮዎች እንዲያረቡ ትፈቅዳለች፤ አውራ ዶሮ ማርባት ግን የተከለከለ ነው። ክረምቱ ሲገባ ብዙ አርቢዎች ለዶሮዎቻቸው በማዘን የቤቱን ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናሉ። ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ዶሮ ብርድን ትችላለች። የሰውነቷ ሙቀት ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ላባዋም በመካከሉ አየር ይዞ ይህ ሙቀት እንዳይባክን ይከላከላል። በጅራቷ ሥር ካለች ትንሽ ዕጢ በምንቃሯ ቅባት እየወሰደች ላባዋን ስለምትቀባ ካፊያ በቀላሉ አያርሳትም። እስከ ቆዳዋ ድረስ ከራሰች ግን ላባው አየር መያዝ ያቅተዋል፤ ያን ጊዜ ብርዱ ይጎዳታል። ሙሉ ላባ ያላወጡ ጫጩቶች ደግሞ ይህ መከላከያ በበቂ ሁኔታ የላቸውም።

ዶሮ እንደ ሌሎች እንስሳት ሽንት ለብቻው አትሸናም። ከሰውነቷ የሚወገደው ናይትሮጅን ዩሪክ አሲድ ሆኖ ከኩሷ ጋር ይወጣል፤ በኩሱ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር እርሱ ነው። ትኩስ ኩስ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውኃ ሲሆን፣ ከትንፋሿም ሌሊቱን ሙሉ እርጥበት ይወጣል። በተደፈነ ቤት ውስጥ ይህ ሁሉ መውጫ አጥቶ ጉዝጓዙን ያርሰዋል። በራሰው ጉዝጓዝ ውስጥ ባክቴሪያዎች ዩሪክ አሲዱን ወደ አሞኒያ ጋዝ ይለውጡታል። አሞኒያ ዐይንን ያቆስላል፤ በመተንፈሻ ቧንቧ ውስጥ አቧራንና ጀርምን ጠርገው የሚያስወጡትን ፀጉር መሰል ጥቃቅን አካላት ያበላሻል። ጉዳቱ የሚጀምረው በአየሩ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን 25 እጅ ያህሉ አሞኒያ ሲሆን ነው፤ የሰው አፍንጫ ሽታውን የሚለየውም በዚሁ መጠን አካባቢ ነው። ሽታው ከታወቀ ዶሮዋ መጎዳት ጀምራለች ማለት ነው። በየዕለቱ የሚገባ ባለቤት ደግሞ አፍንጫው ስለሚለምደው፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት እንግዳ ሰው ጎንበስ ብሎ እንዲያሸት ማድረግ ይሻላል።

መፍትሔው በዶሮዎቹ ላይ ነፋስ ሳያነፍሱ እርጥቡን አየር ማስወጣት ነው። ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ክፍተቶቹ ጣሪያው ከግድግዳው በሚገናኝበት ቦታ፣ በቆጡ ላይ ከሰፈሩት ዶሮዎች ራስ በላይ ይሁኑ፤ አውሬ እንዳይገባም ወንፊት ሽቦ ይመታባቸው። በአንጻሩ ማሞቂያ አምፖል ለጎልማሳ ዶሮ እምብዛም አያስፈልግም፤ ደረቅ ጉዝጓዝ ላይ ከወደቀም ቤቱን ያቃጥላል። ለጉዝጓዝ ከአናጢ ቤት የሚገኝ የእንጨት ፍቅፋቂ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ቢነጠፍ ጥሩ ነው። በእጅ ሲጨበጥ እንደ ጭቃ ተጣብቆ ከቀረ መቀየሪያው ደርሷል።

በእርጥብ ጉዝጓዝ ውስጥ የሚጠነክር ሌላ ጠላትም አለ፤ ኮክሲዲዮሲስ። በኩስ የሚወጡት የጥገኛ ተውሳኩ ዘሮች ለመበከል የሚበቁት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኙ ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዛቸው ጫጩቶች በጥቂት ቀናት ሊያልቁ ይችላሉ።

በኢትዮጵያ ገጠር ዶሮ በቤት ውስጥ ቆጥ ላይ ታድራለች፤ ቆጡ ከእርጥብ መሬትና ከኩሷ ይለያታል። ቀን ደግሞ ከምድጃ በወጣ አመድ ላይ ስትንከባለል ትታያለች። ይህ ጨዋታ ሳይሆን ቅንቅንን የምታራግፍበት መታጠቢያዋ ነው። ግቢው ሁሉ ጭቃ በሚሆንበት አገርም ደረቅ አፈርና የእንጨት አመድ የተቀላቀለበት ሣጥን ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቢቀመጥላት ያንኑ ታደርጋለች።

በታኅሣሥ እንቁላል ማቆሟ ግን ከዝናቡ ጋር አይያያዝም። የቀን ብርሃን ከ12 ሰዓት በታች ሲወርድ የእንቁላሉ ቁጥር ይቀንሳል፤ ቀኑ መርዘም ሲጀምር ጤነኛ ዶሮ ወደ መጣሏ ትመለሳለች።